የጋራ ሜዳ ታሪክ፦ ከመንዝ ጓሳ እስከ ኦሺዮት



የመሬት ወሬ ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ የምንሄደው ወደ ቤት ግዢና ወደ ማሽካንታ ነው። ከቤታችን ደጃፍ ውጭ ስላለው መሬት፣ ይኸውም ልጆቻችን ኳስ ስለሚጫወቱበት ሜዳና ሽማግሌዎቻችን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለሚጨዋወቱበት መናፈሻ ግን እምብዛም አንነጋገርም። «እሱ የዒሪያ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚጎዳን ታሪክን ምስክር እየጠሩ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ እወዳለሁ።

ነገሩ እንዴት ተነሣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ ምሽት በሰፈር ሜዳ ላይ ጠብ ተነሣ። ለዓመታት በዚያ ሜዳ ሲጫወቱ የኖሩ ወጣቶቻችን እንደ ልማዳቸው ኳሳቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ የታዳጊዎች ቡድን ከነአሠልጣኙ ሜዳውን ይዞት አገኙ። አሠልጣኙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ። የእኛ ልጆች ወረቀት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ልማድ ብቻ ነበር። ነገሩ ከቃል አልፎ መገፈታተር ደረሰ። በማግሥቱ የሜዳው በር በሰንሰለት ተቆልፎ አደረ፤ ለሦስት ሳምንትም ማንም ሳይጫወትበት ከረመ።

እኔም በሰፈር ሥራዬ ምክንያት ከሁለት እናቶችና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኜ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ አድልዎ የምናገረውን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። ጸሐፊዋ ግን ንግግሬን በትዕግሥት ሰምታ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «የትኛውን ቀንና ሰዓት ነው የምትፈልጉት? ኃላፊው ማን ነው? አንድ ነገር ቢበላሽ የምንደውለው ለማን ነው?» አለችኝ። ከሦስቱ ለአንዱም መልስ አልነበረኝም።

ከቢሮው ስንወጣ ፊቴ ጠቁሮ ኖሮ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆም አሉና «ልጄ፣ ምን ያናድድሻል?» አሉኝ። «በአገራችን እኮ ለከብት ግጦሽ እንኳ ቀን ነበረው። ክልክሉ የሚከፈትበት ቀን ሳይደርስ በሬውን የነዳ ይቀጣ ነበር። ለከብት ቀን የቆረጥን ሰዎች ለልጆቻችን ቀን መቁረጥ አቃተን?»

«አባባ፣ ያ እኮ ገጠር ነው፤ ይኼ ከተማ ነው» አልኳቸው።

«ሣር ሣር ነው፤ ሰውም ሰው ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የሽማግሌው ቃል ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርነው የከተማ መናፈሻ ታሪክ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ይጀምር ነበር። በእርግጥም በሕዝብ ገንዘብ ተሠርተው ለሕዝብ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ መናፈሻዎች አንዱ በ1847 በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ የተከፈተው ሲሆን፣ የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክም በ1858 ለሕዝብ ተከፍቷል። የጋራ መሬትን በሥርዓት መያዝ ግን ከዚያ በፊትም በአገራችን ይታወቅ ነበር።

የመንዝ ጓሳና የቀሮ ሥርዓት

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ ምድሩም ለከብት ግጦሽና ለማገዶ ያገለግላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል።

የአካባቢው ሕዝብ ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነበር። ጓሳው ብዙውን ጊዜ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ማንም ከብት አያሰማራበትም፤ ማንም ሣር አያጭድበትም። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበረው። ጥበቃው በየተራ የሚሠራ ግዴታ ስለነበረ ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነበር። ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የሚከፈትበት ቀን ሲወሰን ለሁሉም ባለ ድርሻ በይፋ ይነገራል፤ ቀድሞ የሚሾልክም ተደብቆ የሚቀርም አይኖርም።

ይህ ሥርዓት ለዘመናት ጸንቶ ቆየ። በ1975 የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ሲታወጅ ግን ርስት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው ቀሮም አብሮ ቀረ። አዋጁ ጭሰኛን ከባላባት ያላቀቀ ትልቅ ለውጥ እንደ ነበረ አይካድም። በጓሳ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ምድሩ የሁሉም ነው ሲባል ጠባቂው ጠፋ፤ ግጦሹም አጨዳውም ወሰን አጣ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ መርጦና መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ የአባቶቹን ሥርዓት በአዲስ መልክ መልሶ አቆመ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ አካባቢ ተብሎ ከሩቅ አገር ጎብኚ የሚመጣበት ቦታ ሆኗል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የምሁራን ክርክር አለ። በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ የጋራ የሆነ መሬት ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ከብት ልጨምር ሲል ግጦሹ ያልቃል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ብዙ ሰው አመነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉት ምሁር ግን የስዊዘርላንድን ተራሮች ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደኖችና የስፔንን የመስኖ ቦዮች መርምረው፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ ካወጡ፣ ራሳቸው ከጠበቁና ጥፋተኛውን ከቀላል ቅጣት ጀምረው ደረጃ በደረጃ ከቀጡ የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳዩ። በዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የመንዝ ገበሬ ይህን ሲሠራበት ኖሯል።

የጃን ሜዳ ቀጠሮ

ከገጠር ወደ ከተማ ስንመጣ ደግሞ ጃን ሜዳን እናገኛለን። ስሙ ‹ጃንሆይ ሜዳ› ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። በነገሥታቱ ዘመን ጉግስ የሚጫወቱበት፣ ፈረስ የሚጋልቡበትና ሠራዊት የሚሰለፍበት ሜዳ ነበር። በኋላም በየዓመቱ ጥር 11 ቀን የክርስቲያኖቹ የጥምቀት በዓል ይከበርበታል፤ የአገር አቋራጭ ሩጫ ይካሄድበታል፤ በተረፈው ቀን የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፣ በፒያሳ አካባቢ የነበረው አትክልት ተራ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በሣሩ ላይ ተዘረገፈ፤ ዝናብ ሲመጣም ሜዳው ጭቃና ቆሻሻ ሆነ። ሆኖም የ2021 የጥምቀት በዓል ከመድረሱ በፊት ገበያው እንዲነሣና ሜዳው እንዲጸዳ ተደረገ።

እኛ ጥምቀትን የማናከብር ሰዎች ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጃን ሜዳን ያስመለሰው ቀጠሮው ነው። ሁሉም ሰው በየዓመቱ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ እንደሚሰበሰብ ያውቅ ስለነበረ፣ ‹ለጊዜው› የተባለው ነገር ማብቂያ ቀን ነበረው። ቀጠሮ የሌለው ሜዳ ቢሆን ኖሮ ጊዜያዊው ለዘለቄታው ሊሆን ይችል ነበር።

በስደት ያሉ ወገኖቻችንም ይህን አውቀውበታል። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የራሱ የሆነ ሜዳ ሳይኖረው፣ በየዓመቱ በሐምሌ ወር አካባቢ በተለያየ ከተማ ሜዳ እየተከራየ የእግር ኳስ ውድድሩን ሲያካሂድ ኖሯል። የተበተነ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ላይ የሚገናኘው ቀኑ ስለሚታወቅ ነው።

ከድርሻ ውጭ የኖረ ሕዝብ

ጓሳን ስናደንቅ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። በቀሮ ሥርዓት ድርሻ የነበራቸው ትውልዳቸውን ከአስቦና ከጌራ ከተባሉ የቀድሞ አባቶች የሚቆጥሩ ባለ አጽመ ርስቶች ነበሩ። ርስት የሌለው ሰው ከሥርዓቱ ውጭ ነበር።

እኛ ቤተ እስራኤል ደግሞ ርስት ማጣትን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በታሪክ እንደሚነገረው ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ባደረጉት ጦርነት አባቶቻችን ሲሸነፉ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ወገናችን የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ ኖረ። በ1975ቱ አዋጅ መሬት ሊያገኝ ሲጀምር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የእርስ በርስ ጦርነቱና ስደቱ ተከተለ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ ምድረ እስራኤል መጣን። በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ገባ።

ከዚህ ረጅም ታሪክ የወረስነው አንድ ጠባይ አለ ብዬ አምናለሁ። የጋራ መሬት የሌላ ሰው መስሎ ይታየናል። ባለቤቱ እስኪያባርረን እንጠቀምበታለን፤ ሲያባርረን ደግሞ እናዝናለን። ከሜዳው ሲባረሩ «ይኼው እኛን ስለማይፈልጉ ነው» ያሉት ወጣቶች ምናልባት ተሳስተው ላይሆን ይችላል። አድልዎ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ለአድልዎም ቢሆን በር የሚከፍትለት የእኛ ቀጠሮ አልባነት ነው።

የረሆቮት ሜዳዎች

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ረሆቮት በ1890 ስትመሠረት ስሟ የተወሰደው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ነው። የይስሐቅ እረኞች ውኃ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የጌራራ እረኞች ተጣሏቸው። ሌላ ቆፈሩ፤ በዚያም ተጣሉ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ስም ጠብን፣ የሁለተኛው ጥላቻን የሚያመለክት ነው። በሦስተኛው ላይ ጠብ ስላልነበረ ይስሐቅ ርኆቦት ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙም ስፋት ማለት ነው። እንግዲህ የምንኖርባት ከተማ ስም ራሱ ሁለት ጊዜ ተጣልቶ በሦስተኛው ቦታ ስላገኘ ሰው የሚናገር ነው። ከተማዋም ብትሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጎረቤቶቿ ጋር በግጦሽ ምክንያት ተጋጭታለች። የሰፈራችን ስም ኦሺዮትም በዕብራይስጥ መሠረቶች ማለት ነው።

ረሆቮት ገና በወይንና በብርቱካን እርሻ የምትኖር ትንሽ መንደር ሳለች፣ በ1908 በፋሲካ በዓል ሰሞን የስፖርት በዓል ተደረገባት። ከያፎና ከሌሎች ሰፈራዎች የመጡ ወጣቶች ሮጡ፣ ጂምናስቲክ አሳዩ፣ በፈረስ ተሽቀዳደሙ። በዓሉ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ድረስ ቀጠለ። በ1932 በቴል አቪቭ የተጀመረው የማካቢያ ጨዋታ ታሪክ ሲጻፍ የረሆቮቱ በዓል እንደ ቀዳሚው ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ በመንደሯ ስታዲየም የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የታወቀ ቀን ነው። ቀኑ ሲደርስ ባዶው መሬት ሜዳ ይሆን ነበር።

ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን ግን የየመን አይሁድ ታሪክ ነው። በ1908 አካባቢ ጥቂት ደርዘን የሚሆኑ የየመን አይሁድ በእርሻ ሠራተኝነት ወደ ረሆቮት መጡ። በመንደሩ ደቡባዊ ጫፍ በተሰጣቸው ቁራጭ መሬት ላይ በእጃቸው ቤት ሠሩ። ሻዓራይም የሚባለው ሰፈር የተወለደው እንዲህ ነው። ከ1911 ጀምሮ ሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ተጨመሩ። ማርሞሬክ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ከኪኔሬት በተነሡ የየመን አይሁድ በ1930 ተመሠረተ። ሥራቸው ጉልበት፣ ደመወዛቸው አነስተኛ፣ ቦታቸው የከተማው ዳር ነበር። ይህ ታሪክ ለማን ነው እንግዳ የሚሆነው?

ይሁን እንጂ እነዚህ ሰፈሮች በ1949 ሃፖኤል ማርሞሬክን፣ በ1950 ማካቢ ሻዓራይምን የእግር ኳስ ክለቦች አቋቋሙ። ሻዓራይም በ1960ዎቹ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ እስከ መጫወት ደረሰ። ሁለቱም ክለቦች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው። ክለብ ማለት ደግሞ ማልያና ጎል ብቻ አይደለም። ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ የተመዘገበ አድራሻና የጨዋታ ቀን መቁጠሪያ ማለት ነው። ቢሮ የገባ የክለብ ሰው ጸሐፊዋ ለጠየቀችን ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በኪሱ ይዞ ይገባል።

የእኛ ልጆች ችሎታ እንደሌላቸው ማንም አይናገርም። በ2022 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በማራቶን ማሩ ተፈሪ 2ኛ፣ ጋሻው አያሌ 3ኛ ሲወጡ፣ የእስራኤል ቡድን በወንዶች የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል። ሩጫ በየትኛውም ጥርጊያ መንገድ ላይ ይጀመራል፤ ኳስ ግን ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳም ተራ ይፈልጋል።

አረንጓዴውና ቡናማው

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነውና።

በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የአካባቢው የፕላን ኮሚቴ ከአንድ ይዞታ እስከ 40 በመቶ ድረስ ለመንገድ፣ ለመናፈሻ፣ ለስፖርት ሜዳ፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው የሕዝብ አገልግሎት ያለ ካሣ ሊወስድ ይችላል። በሰፈራችን የምናየው ክፍት ቦታ አብዛኛው በዚህ ዓይነት መንገድ ለሕዝብ የተለየ ነው። በፕላን ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ ሲሆን፣ ቡናማው ግን ለሕዝብ ሕንፃ የተመደበ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆቻችን ለዓመታት ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ በካርታው ላይ ቡናማ ከሆነ፣ በሕግ ፊት ገና ያልተሠራ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ምኩራብ ነው። አንድ ቀን አፈር መቆፈሪያው ቢመጣ ማንም ሕግ አልጣሰም። አረንጓዴ ከሆነ ግን ለሌላ ሥራ ለማዋል ፕላኑ መለወጥ አለበት፤ ፕላን ሲለወጥም ለሕዝብ ይገለጻል፤ ተቃውሞ ለማቅረብም 60 ቀን ይሰጣል። ማስታወቂያው በጋዜጣና በቦታው ላይ በዕብራይስጥ ይለጠፋል። ሽማግሌዎቻችን አያነቡትም፤ ወጣቶቻችን ያልፉታል፤ 60ው ቀንም ያልቃል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያስቸኩለን በአንድ ምክንያት ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም ከ1993ቱ የማሽካንታ እርዳታ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰብ ቤት የገዛው ዋጋቸው ዝቅ ባሉ አሮጌ የሺኩን ሕንፃዎች ውስጥ ነበር። ዛሬ በየከተማው እንዲህ ያሉት ሕንፃዎች በፒኑይ ቢኑይ እየፈረሱ በምትካቸው ረጃጅም ፎቆች ይሠራሉ። በስብሰባዎቹ ላይ የምንጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የእኔ ቤት ስንት ካሬ ይሆናል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም 24 ቤተሰብ በነበረበት 90 ቤተሰብ ሲገባ ልጆቹ የት ይጫወታሉ ብሎ የሚጠይቅም ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር የመጫወቻ ሜዳዎችን ለማስጠበቅ በ1925 የተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር ለ1,000 ሰው 6 ኤከር፣ ማለትም 24 ዱናም ያህል የመጫወቻ ቦታ ያስፈልጋል የሚል መለኪያ አውጥቶ ነበር። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ብቻውን ወደ 7 ዱናም ይጠጋል። መሬት በጠበበበት አገር ይህን ሁሉ ማግኘት አይቻል ይሆናል፤ ግን ሰው ሲጨመር ሜዳው ባለበት ከቀረ ተራው እየራቀ እንደሚሄድ ለመረዳት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ሜዳው በፕላን ተጠብቆ ቢቆይም እንኳ ሥራው አያልቅም። የተፈጥሮ ሣር በሳምንት ከጥቂት ሰዓታት በላይ ከተረገጠ ይመለጣል፤ ውኃም ዕረፍትም ይፈልጋል። ጓሳ የሚዘጋውም ለዚሁ ነበር። ሰው ሠራሽ ሣር ብዙ ሰዓት ይችላል፤ ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በ10 ዓመት አካባቢም መለወጥ አለበት። ያልታሰረ የጎል ብረት በሕፃን ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ ማድረግ አለበት፤ የተሰበረውን አይቶ በማግሥቱ ጠዋት የሚደውል ግን የሰፈር ሰው ነው።

ምን አደረግን?

ወደ ተቆለፈው ሜዳ ልመለስ። ከሽማግሌው ጋር ከተነጋገርን በኋላ አንድ ምሽት ወጣቶቹን፣ ጥቂት እናቶችንና ሁለት ሽማግሌዎችን በአንድ የጋራ ሕንፃ ደረጃ ላይ አስቀምጠን መከርን። ካርቶን ላይ ሰባቱን ቀን ጻፍን። ወጣቶቹ እሑድና ረቡዕ ማታ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ሜዳው ዳር ያለው የጥላ ወንበር እንዳይነካና ማለዳ ማለዳ በዙሪያው እንዲራመዱ ጠየቁ። ለእያንዳንዱ ቀን ቁልፍ የሚይዝ አንድ ሰው ተመረጠ። ኃላፊና ስልክ ጻፍን። ካርቶኑን በደንብ ገልብጠን ወደ ቢሮው ወሰድነው።

ጸሐፊዋ አንብባ ማኅተም መታችበት። ከዚያ ሌላ የተባለ ነገር አልነበረም። በሳምንቱ ሰንሰለቱ ተፈታ። ማኅተም ይዞ ከመጣው ቡድን ጋር ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ የእነርሱ እንዲሆን ተስማማን፤ ቆይቶም ከእኛ ልጆች ሁለቱ በእነርሱ ቡድን ተመዘገቡ።

ነገሩ ሁሉ ተሳካ ብዬ ለማስዋብ አልፈልግም። በመጀመሪያው ወር ተራው ሁለት ጊዜ ፈርሷል። ቁልፍ የያዘ ልጅ ሠርግ ሄዶ ሜዳው ተቆልፎ ያመሸበት ቀን አለ። ከመብራቶቹ አንዱ ለመሠራት ብዙ ስልክ ፈጅቷል። ከሁሉም በላይ ያፈርኩት ግን በሌላ ነገር ነው። ካርቶኑን በሜዳው በር ላይ ስንለጥፍ አንዲት የ12 ዓመት ያህል ልጅ ቀርባ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «እኛስ መቼ ነው?» አለችኝ። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ፣ ሰባቱን ቀን ስናከፋፍል ለሴት ልጆች አንድ ሰዓት እንኳ አላሰብኩም። ከድርሻ ውጭ መሆን ምን እንደሆነ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የምናውቅ ሰዎች፣ እኛም በተራችን ሌላውን ከድርሻ አውጥተን ነበር። ካርቶኑን እዚያው አውርደን ሰኞ ማታን ጻፍንላቸው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሰፈራችሁ ያለውን ሜዳና መናፈሻ ‹የዒሪያ› ከማለት በፊት ጥቂት ነገር አድርጉ። በካርታው ላይ አረንጓዴ ይሁን ቡናማ ዕብራይስጥ በሚያነብ ልጃችሁ አስጠይቁ። በየምሰሶው የሚለጠፈውን ማስታወቂያ አስነብቡ፤ የሚቆጠረው ቀን እንዳያመልጣችሁ። የፒኑይ ቢኑይ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ቤታችሁ ስፋት ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ስለ ሜዳውም ጠይቁ። ከዚያ ካርቶን አምጡና ሰባቱን ቀን ጻፉ፤ ስትጽፉም ማን እንደቀረ ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በብርቱካንና በሎሚ እርሻ በታወቀችው በረሆቮት ይህ ምሳሌ ቦታውን አግኝቷል። ሜዳውን አንድ ቢሮ ብቻውን ሲሸከመው ይከብደዋል፤ ሲከብደው ደግሞ ይቆልፈዋል። ያ ሽማግሌ ዛሬም ማለዳ ማለዳ በምርኩዛቸው ሜዳውን ይዞራሉ። ባለፈው ስንገናኝ የሰኞ ማታዎቹን ልጆች ጨዋታ ወንበራቸው ላይ ሆነው እየተመለከቱ «ክልክሉ ተከፈተ» አሉኝ።